የእትዬ አስካለ ፑንቲና

ባለፈው ሳምንት አንድ የቡና ነጋዴ ከቦንጋ ተነስቶ ቴፒ ድረስ ፈልጎኝ መጣ። ዶሮ ሲያድርባት የኖረች አሮጌ ላንድሮቨር ገዝቶ ቀለም ቀብቷታል፣ አዲስ ሸራ አልብሷታል። የቀረው ሞተሯ ነው። ስለ ላንድሮቨር የሚያውቅ ሰው ማን አለ ብሎ ሲጠያይቅ የኔን ስም ነግረውታል። ደጄ ላይ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጥንና ስልኩን አውጥቶ የሦስት ዕቃ ሥዕል አሳየኝ።

«አባባ፣ ፑንቲናዋን ልተውላት ወይስ ኤሌክትሮኒክ ላስገባላት? ካስገባሁስ ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው ይሻለኛል?» አለኝ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ድሮ በቤንዚን የሚሄድ መኪና ሁሉ ፑንቲና ነበረው። ዲስትሪቢውተር ከሚባለው ዕቃ ክዳን ሥር የምትቀመጥ፣ ጥፍር የምታህል ብረት ናት። እየተከፈተች እየተዘጋች ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥለው ካንዴላ እሳት ታስልካለች። እርጥበት ከነካት፣ ካረረች፣ ክፍተቷ ትንሽ ከሰፋ ወይ ከጠበበ መኪናው አልነሳም ይላል። ኤሌክትሮኒክ የሚሉት ያችን ብረት አስወጥቶ ሥራዋን በማግኔት የሚሠራ ነው። አይፋቅም፣ አያርም፣ አይስተካከልም። ገጥመህ ትረሳዋለህ።

ለሰውየው መለስኩለት። «መጀመሪያ ከባትሪው የትኛው ጫፍ ከመኪናዋ አካል ጋር እንደታሰረ እይ። ከአሮጌዎቹ ውስጥ ፖዘቲቩን ከአካሉ ጋር ያሰሩ አሉ። ያን ሳታይ ብትገዛ ገና ስትገጥመው ታቃጥለዋለህ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ የሚተካውን ግዛ። ፑንቲናዋን አውጥተህ ጣላትና ሰላም ታገኛለህ» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ምክሬ ትክክል ነው፤ ዛሬም ማንም ቢጠይቀኝ ይህንኑ ነው የምለው። ነገር ግን እሱ ከሄደ በኋላ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ባለቤቴ ምን ሆነሃል ብትለኝ ምንም አልኳት። ምንም አልነበረም ለማለት አይደለም። አንዳንድ ነገር ሠላሳ ዓመት ቢሞላውም አፍ ላይ ይመራል።

እኔ ቤንች ነኝ። የተወለድኩት ከሚዛን ወደ ማጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጎደሬና ኮረሪማ ከሚበቅልበት ሰፈር ነው። አማርኛን የተማርኩት ከተማ ገብቼ ነው፤ ፊደልም ቢሆን ከዚያው ወዲህ ነው። ከተማ ያስገቡኝ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሹፌር ናቸው። መኪናቸው ጭቃ በያዛት ቁጥር የሰፈራችን ጎረምሶች እየወጣን እንገፋላቸው ነበር። አንድ ቀን «አንተ በትከሻህ ሳይሆን በእልህ ነው የምትገፋ» ብለው ረዳት አድርገው ወሰዱኝ። ሲቆይ መሪ አስያዙኝ። ሚዛን ከቤታቸው ጓሮ አንዲት ክፍል ሰጡኝ፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ደጃፏ ላይ የሙዝ ተክል ያለባት። የኔ የምላት የመጀመሪያ ቤት እሷ ናት።

ጋሽ ታደሰ ደርግ በወደቀ በማግሥቱ ዓመት ታመው ሞቱ። ልጅ አልነበራቸውም። ላንድሮቨሯ ለባለቤታቸው ለእትዬ አስካለ ቀረች። እትዬ አስካለ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው የሚያጣፉ ሴት ነበሩ። አባታቸው ከሰሜን በሹመት መጥተው ሚዛን የቀሩ ሰው ናቸው፤ ዘመዶቻቸውም ሰው ምን ይለናል እያሉ የሚኖሩ ናቸው። የባላቸው አርባ የወጣ ዕለት፣ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ፣ ድስት ሳጥብ አገኙኝና «በቀለ፣ መሪው ያንተ ነው። እኔ እስካለሁ ከዚያ ወንበር የሚያወርድህ የለም» አሉኝ። ማንም ምስክር አልነበረም። እኔም ምስክር ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም።

ከሚዛን በባቹማ፣ በጀሙ አድርጌ ቱም ነበር የምመላለስ። ስሄድ ጨው፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮና ሰው፤ ስመለስ ማር፣ በቆሎ፣ የደረቀ ቡናና ሰው። ያን መንገድ ዛሬ የሚያይ ሰው አያምነኝም። ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሙጭጭ ይላል። ቀይ ጭቃው ጎማን እስከ ግማሽ ይውጣል፤ ካቴና አስረህም ትንሸራተታለህ። ጫካው ከሁለቱም ወገን ስለሚንጠባጠብ ዝናቡ ቢያባራ እንኳ መንገዱ ላይ አያባራም። የኮረሪማና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ልብሴ ላይ ይቀራል። ጀሙ ስንደርስ አንዲት ሴት የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ ትሸጥ ነበር። በዚያ ብርድ እሱን በእጅህ ይዘህ መብላት ምን እንደሚመስል የበላው ነው የሚያውቀው።

መኪናዋ ይህን እርጥበት አትወድም ነበር። ጠዋት ኮፈኗን ከፍቼ ፑንቲናዋን በክብሪት ቀፎ ጎን እፍቃታለሁ። ክፍተቷን የምለካው ከሲጋራ ካርቶን በቀደድኩት ቁራጭ ነው፤ ቁራጩ አለመጥበቁን፣ አለመላላቱን ጣቴ ያውቃል። መንገድ ላይ ሳድር ደግሞ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ነቅዬ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ እተኛለሁ፤ ሲነጋ ደረቅና ሙቅ ሆኖ ይገኛል። የመናኸሪያ ሹፌሮች «በቀለ ሚስት ምን ያደርግለታል፣ መኪናውን አቅፎ ያድራል» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። የነሱ መኪና ሲቆም የኔ ትሄድ ነበር። ከኔ እጅ ከወጣች ግን ለማንም አትነሳም፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

እትዬ አስካለ አንድ ወንድም ነበራቸው፣ አቶ ደምሴ። አማን የሚኖሩ፣ ቢሮ የሚሠሩ፣ ድምፃቸው ከራሳቸው ቀድሞ ቤት የሚገባ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሰለሞን መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሥራ ፈትቶ ይዞር ነበር። በየበዓሉ ይመጡና በልተው ጠጥተው ሲያበቁ ያችኑ ነገር ያነሳሉ። እኔ ጓሮ ሆኜ እሰማለሁ።

«አስካለ፣ የወንድምሽ ልጅ ቁጭ ብሎ የሥጋ ዘመድሽ ያልሆነ ሰው መኪናሽን ይንዳ? ሰው ምን ይላል?»

«ምን ላድርግ ወንድምዬ» ይላሉ እትዬ በዚያ ቀስ ባለ ድምፃቸው። «ያለ በቀለ አትነሳም።»

አንድ ፋሲካ አቶ ደምሴ አላምን ብለው ልጁን አስሞከሩት። ሰለሞን ባትሪው ጉልበት እስኪያጣ ድረስ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩን በእጅ በሚዞረው ብረት በማኒቬላ አሽከረከረ፤ ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ፋቅ ፋቅ አደረግኩ፣ በካርቶኔ ለካሁ፣ በመጀመሪያው ዙር ተነሳች። እትዬ ሰማይ ሰማይ እያዩ «አላልኩህም?» አሉ። አቶ ደምሴ «እንግዲህ የመኪናሽ ነገር» ብለው ወደ ጠላቸው ተመለሱ። እኔ በዚያ ዕለት ደረቴ ተነፍቶ ነበር። ያለ በቀለ አትነሳም የሚለው ቃል ለኔ ምስጋና ነበር። ሌላ ነገር ይሆናል ብዬ ጭራሽ አላሰብኩም።

ከዚያ በመጣው ክረምት ከጀሙ ማዶ ወንዝ መሃል ቆምን። ውሃው ከአየር ማራገቢያው ተረጭቶ ዲስትሪቢውተሩን አራሰው። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ወባ የያዛት አሮጊት ነበረች፤ ልጇ ወደ አማን ሐኪም ሊያደርሳት ነው የጫናት። ሰው ሁሉ ወረደ። ዝናቡ ስለማያባራ ክዳኑን በምን ላድርቀው? ሸሚዜ ራሱ ይጨመቃል። ከሰዓት አልፎ ሌላ መኪና እስኪደርስ ልጇ እናቱን በጀርባው አዝሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዞር ሲል ዓይኑ አገኘኝ። ሴትየዋ አልሞተችም፣ ተርፋ ቱም ገበያ ላይ አይቻታለሁ። ያ ዓይን ግን አልለቀቀኝም። እኔ መኪና እነዳለሁ የምል ሰው ነኝ።

ሚዛን እንደደረስኩ ወደ አብዱ ጋራዥ ሄድኩ። አብዱ መካኒክ ነው፣ ጓደኛዬ ነው፣ ምላሱ ከመፍቻው ይፈጥናል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ፑንቲና የሚያስወጣ ዕቃ መግባት እንደጀመረ የነገረኝ እሱ ነው።

«ልግጠመውና ወንዝ ልግባበት» አልኩት።

«ተው አንተ፣ ያ ዕቃ ከገባ ክዳን አቅፈህ መተኛት ይቀርብሃል። ብቸኝነት አትችልም» አለኝ። ቀጥሎ ግን መፍቻውን አስቀመጠና «ከምርህ ከሆነ ግማሹን አምጣ። ፑንቲናዋን ሳያስወጣ ከጎን የሚሠራ አለ። ፑንቲናዋ ትኖራለች፣ እሳቱ ይበረታል፣ ያንተም እጅ አይረሳም» አለኝ።

«ግማሽ ነገር አልወድም።»

«አውቅሃለሁ» አለና መፍቻውን አነሳ።

ለእትዬ አስካለ የነገርኳቸው በማግሥቱ ነው። በረንዳ ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ስለ ወንዙ፣ ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ዕቃው ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ጣታቸው ምስሩ ላይ ቆመ።

«ተወው በቀለ። እንዲሁ ትቆይ።»

«ገንዘቡ ነው እትዬ?»

«ገንዘቡ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አንድ ጠጠር አንስተው ወደ ግቢው ወረወሩ። «ያ ዕቃ ከገባ … ለማንም ትነሳለች ማለት ነው?»

«ለሕፃን ልጅ ትነሳለች» አልኳቸው። በኩራት ነው ያልኩት።

«ታደሰ ሳያስነካት የኖረ ነገር ነው» አሉ። «ደግሞም ሰው ለምዷታል። በሰው ዘንድ እንዲህ ናት ተብላ የታወቀች መኪና ናት።»

ይህ ምን ማለት ነው? እኔ በቀጥታ የተነገረኝን ነው የምሰማው። ሰፈራችን ወዲያ ሂድ ሲሉህ ወዲያ ሂድ ማለታቸው ነው። የሞተ ባላቸውን ናፍቀው ነው ብዬ አሰብኩ። አሮጊቷ በልጇ ጀርባ ላይ ሆና ምን እንደመሰለች እንደገና ነገርኳቸው። እየነገርኳቸው ፊታቸው ጠቆረ። በመጨረሻ «እንግዲህ አንተ ካልክ» ብለው ምስራቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። በሳቸው ቋንቋ ይህ እሺ ማለት እንዳልነበረ ያኔ አላወቅኩም።

በቡና ጭነት መኪና በጅማ አድርጌ አዲስ አበባ ገባሁ። ሶማሌ ተራ የብረት ገበያ ነው፤ ሞተር፣ በር፣ መሪ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ነገር ሁሉ እንደ ጎመን ተከምሯል። ያገኘሁት ሻጭ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። ሦስት ነገር ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። አንዱ አብዱ ያለው ነው፣ ፑንቲናውን ሳያስወጣ የሚያግዝ ሳጥን። ሁለተኛው ከተጋጨ የጃፓን መኪና የተነቀለ ሙሉ ዲስትሪቢውተር ነው፣ ጥሩ ነው ግን እኛ ሞተር ላይ እንዲቀመጥ ብረት መቁረጥ ይጠይቃል። ሦስተኛው በክዳኑ ሥር የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው፣ ማግኔት ካለው ቀለበት ጋር። ፑንቲናው ወጥቶ እሱ በቦታው ይቀመጣል፤ ከውጭ ያየ ሰው ምንም እንደተለወጠ አያውቅም።

«ከአካሉ ጋር የታሰረው የትኛው ነው?» አለኝ ሻጩ።

«ፖዘቲቩ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እንዲህ ብሎ የሚመልስልኝ ስንት ቀን ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ሁሉም አቃጥሎ ይመጣና እኔን ይሰድበኛል» አለ። ከመደርደሪያው ሥር ለዚያ የሚሆነውን ፈልጎ አመጣ። ከዚያ ሳጥኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ወንድሜ፣ አገርህ ሩቅ ከሆነ ግን ይሄኛውን ውሰድ። ቢበላሽ ሽቦዋን መልሰህ በፑንቲናህ ቤትህ ትገባለህ» አለኝ። የአብዱን ቃል የሰማ ነበር የሚመስለው። ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲነግረኝ እልህ ይይዘኛል፤ ዛሬም እንደዚሁ ነኝ። ትንሹን ዕቃ በክርታስ አስጠቅልዬ፣ አንድ ትርፍ ጨምሬ፣ ከሱ ጋር የሚሄደውን፣ እሳቱን የሚያበረታውን ኮይል ገዝቼ ወጣሁ።

ጥፋት አልነበረም። ትክክለኛውን መርጫለሁ። ይህን ነው ሰው የማይገባው።

ከአብዱ ጋር ግቢ ውስጥ ገጠምነው። አሮጌዋን ፑንቲና ዘይት ቀብቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኳት። ሲያልቅ እትዬ አስካለን ከቤት ጠራኋቸው። መኪና ነድተው የማያውቁትን ሴት የሹፌር ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። «ያዙሩት» አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ቁልፉን አዞሩ። ገና ሳይጨርሱት ተነሳች። እጃቸውን የጋለ ድስት እንደነካ ሰው መለስ አደረጉት። አብዱ እያጨበጨበ «ሹፌር አስካለ» አለ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው ወደ አጥሩ፣ ወደ መንገዱ አዩ፣ ማን እንዳለ ለማየት። ከዚያ ቁልፉን መልሰው እኔ እጅ ላይ አድርገው ጣቶቼን አጠፉልኝ።

ያን ክረምት አንድም ቀን አልቆምኩም። ወንዙን እንደ ዓሣ እሻገረዋለሁ። መናኸሪያ ላይ አፌን አልያዝኩም፤ ያላመነኝን ሁሉ ና አስነሳት እያልኩ ቁልፉን እሰጥ ነበር። ባለ አውቶቡሱም፣ ጫኝ አውራጁም፣ ሙዝ ሻጯም አስነስተዋታል። እንዲህ ያለ ወሬ ከሚዛን አማን ለመድረስ ሰዓት አይፈጅበትም።

አቶ ደምሴ በዓል ሳይሆን መጡ። ሰለሞን አብሯቸው ነበር፣ አዲስ ካፖርት ለብሷል። ዝናብ እየጣለ ነው። እኔ ጎማ ስነፋ ነበር። ለኔ ሰላምታ እንኳ በወጉ አልሰጡኝም፤ ወደ ልጃቸው ዞረው «በል እስቲ አስነሳት» አሉ። እትዬ በረንዳው ላይ ቆመዋል። ቁልፉ መሪው ላይ ነበር። ሰለሞን ገባና አዞረ። ተነሳች።

«እንግዲህ አስካለ» አሉ አቶ ደምሴ እየሳቁ፣ «የመኪናሽ ነገር አለቀ። አሁን ምን ትያለሽ?»

ጠበቅኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ የጠበቅኩት ነገር የለም። አንዲት ቃል ነበር የምጠብቀው። ጓሮ ድስት ሳጥብ የነገሩኝን ቃል በወንድማቸው ፊት እንዲደግሙት ብቻ ነበር። እትዬ አስካለ አፋቸውን ከፈቱ። ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ወንድማቸው አዩ። «ዝናቡ … ግቡ እንጂ፣ ምን ዝናብ ላይ አቆማችሁ» አሉና ወደ ውስጥ ዞሩ።

በቃ። ውረድ ያለኝ የለም። ሰለሞን ከወንበሩ አልወረደም፣ እኔም ና ውረድ አላልኩትም። ጎማ መንፊያዬን አንስቼ፣ ከክፍሌ ብርድ ልብሴን ይዤ ወደ አብዱ ጋራዥ ሄድኩ። ኋላ ስሰማ እትዬ «መቼም ዘመድ ነው፣ ምን ብዬ እመልሰዋለሁ» ብለው ለጎረቤት አልቅሰዋል። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኚያ ሴት ለወንድማቸው አይሆንም ማለት አይችሉም። በሳቸው ቤት ዘመድ ፊት ለፊት እምቢ አይባልም፤ ሰበብ ይፈለጋል። ፑንቲናዋ ሰበባቸው ነበረች። እኔን የጠበቁኝ በሷ ነው። እኔ ደግሞ አውጥቼ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኳት።

አዝኜላቸው ነበር ቢባል ደስ ይል ነበር። አላዘንኩም። ተናደድኩ። ያን ቀን ምስር ሲለቅሙ «በቀለ፣ ይህች መኪና ለማንም ከተነሳች አንተን ያስወርዱብኛል» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል?

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጋራዡ ድረስ መጡ። ሴት ገብታበት የማታውቅ ቦታ ነው። አብዱ በርጩማ ጠርጎ ሰጣቸውና ወደ ውጭ ወጣ። ቆጮና ጎመን በሰሃን ሸፍነው ይዘው መጥተዋል። አልነካሁትም።

«ከስተሃል» አሉኝ።

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«ያ የድሮው ነገር … አልጠፋም አይደል?»

«ፑንቲናዋ? አለች።»

«ታደሰ ይወዳት ነበር» አሉ። ዘይት የነካው መሬት ላይ ዓይናቸውን ተክለዋል። «ነገ ሰለሞን የለም። መኪናዋ ግቢ ትውላለች። በሩም ክፍት ነው።»

በዚህ ጊዜ ገብቶኛል። ፑንቲናዋን መልሼ እንዳስገባላቸው ነው። ሰለሞን በማግሥቱ ቁልፉን ሲያዞር እንዳትነሳ፤ እሳቸውም እንደገና ሰማይ ሰማይ እያዩ ያለ በቀለ አትነሳም እንዲሉ። ወንበሬ በእጄ ነበር። ክፍሌም፣ ሙዙም። ለአንዲት ከሰዓት የሚሆን ሥራ ነው።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «መኪናዋ ደህና ናት። ደህና መኪና አላበላሽም። ወንዝ መሃል ሰው ይዛ የምትቆም አድርጌ አልመልሳትም።»

«ማን አበላሽ አለህ?»

«ከፈለጉኝ ለአቶ ደምሴ ይንገሩት። በአፍዎ። በቀለ ይነዳል ይበሉት። አሁኑኑ ተነስቼ እመጣለሁ።»

«ወንድሜ ነው እኮ በቀለ።»

«እኔስ ማን ነኝ?»

የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። አብዱ ውጭ ብረት ሲመታ ይሰማል። ከዚያ ተነሱ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ «ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ» ብለው ወጡ።

ያለ እሱ አትነሳም ማለት ችለዋል። ያለ እሱ አልፈልግም ማለት ግን አልሆነላቸውም። ለመኪና የሚሆን አፍ ነበራቸው።

አብዱ ገብቶ ሰሃኑን ከፍቶ አየና «አንተ ድንጋይ ነህ» አለኝ። ከዚያ ቆጮውን እሱ በላው። በሳምንቱ በቡና መኪና ተጭኜ ቴፒ ወረድኩ። እዚህ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸከምኩ፣ የሰው መኪና ጠገንኩ፣ ትንሽ የቡና ማሳ ያዝኩ፣ አገባሁ። የራሴ የምለው መሪ ግን ከዚያ ወዲህ አልያዝኩም። ላንድሮቨሯ ተበላሸች፣ ሰለሞን ገደል ገባ ብዬ እንድጨርስ የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ፤ እንደዚያ አልሆነም። በገጠምኩት ዕቃ ብዙ ዓመት ሳትቆም ሠራች። ሰለሞን ከሷ ባገኘው ገንዘብ ቤት ሠራ።

እትዬ አስካለ የሞቱት ከተሞቹ ሚዛን አማን ተብለው አንድ ከሆኑ በኋላ ነው። አብዱ ደወለልኝ። አልሄድም ብዬ ነበር፣ ባለቤቴ ለቅሶ ላይ ቂም አይያዝም ብላ ሚኒባስ ውስጥ ከተተችኝ። ድንኳኑ ከዚያው ግቢ ተተክሏል። የኔ ክፍል ፈርሳ ቦታዋ ላይ የብሎኬት ሰርቪስ ቆሟል። ከዳር፣ ጎረቤት ከሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አቶ ደምሴ አርጅተዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። አዩኝና ከሩቅ በዚያው ድምፃቸው ጠሩኝ።

«በቀለ አይደለህም እንዴ? ምነው ከዳር? አንተ እኮ የቤቱ ልጅ ነህ። ና፣ ና ከኛ ጋር ተቀመጥ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዘመድ መሃል ቦታ ለቀቁልኝ። ቃሉ መጣ፤ ያን ዕለት ዝናብ ላይ ቆሜ የጠበቅኩት ቃል፣ ምንም በማያስከፍልበት ቀን፣ ከሌላ ሰው አፍ። «እዚህ ይበቃኛል» አልኩ። ሳልቀምስ፣ ሳልሸኝ፣ በመጣሁበት ሚኒባስ ተመለስኩ።

ዛሬ ቴፒ ላይ በደረቅ ነገሬ ነው የምታወቀው። ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌ የመጡ ጊዜ ስለ ዝናቡና ስለ ቡና ዋጋ ሲያወሩ ቆይተው ነገሩን ሳያነሱ ሊመሽ ሲል፣ «ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ ወይ ሂዱ» ብያቸው ባለቤቴ ሳምንት አኩርፋኛለች። የማልፈልገውን አልፈልግም እላለሁ። የምወደውንም ፊቱ ላይ እወድሃለሁ እለዋለሁ፤ ይደነግጣል። ልጆቼ ያፍሩብኛል። ባለቤቴ «እንዲህ እንዳስቀየምካቸው ትሞትና ቀባሪ ታጣለህ» ትለኛለች። ይሆናል፣ ጥቂት ሰው ይመጣ ይሆናል። የሚመጣው ግን ፈልጎ የመጣ ነው።